አስትሮፊዚክስና ኮስሞሎጂን በራስ መማር፦ ምን ይነበባል፣ በምን ቅደም ተከተል፣ በየትኛው መረጃ ይሠራል

ለአስትሮፊዚክስ ተማሪ የሚያስፈልገው ነገር ዛሬ አብዛኛው በነጻ ይገኛል። የመማሪያ መጽሐፉ፣ የዩኒቨርሲቲ ሌክቸሩ፣ የምርምር ጽሑፉ፣ ከዚያም አልፎ ቴሌስኮፖቹ ራሳቸው የሰበሰቡት መረጃ ለማንም ክፍት ነው። ብዙ ሰው መንገድ ላይ የሚቀረው ቅደም ተከተሉ ስለሚዘበራረቅበት ነው። ስለ ብላክ ሆል ሃምሳ ቪዲዮ አይቶ የፀሐይን የገጽ ሙቀት ከብርሃኗ ማስላት የማይችል ሰው ሞልቷል። ስለዚህ ከታች ያለው መመሪያ እያንዳንዱን መጽሐፍና የመረጃ ቋት ሥራ ሰጥቶ በየቦታው ያስቀምጠዋል፤ ቀድሞ የሚመጣው ቀድሞ፣ ኋላ የሚመጣው ኋላ።

በሳምንት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ለሚሰጥ ሰው ይህ መንገድ ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ከዚያ ሰዓት ቢያንስ ግማሹ በእርሳስና በወረቀት፣ ኋላ ላይ ደግሞ በኮምፒውተር ለማስላት መዋል አለበት። ቀኖቹ፣ ወራቱና ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ መሠረቱን መፈተሽ

መጽሐፍ ከመምረጥዎ በፊት ባዶ ወረቀት ይያዙና እነዚህን አራት ጥያቄዎች ያለ ረዳት ይሞክሩ።

አንድ፦ ምድር ከፀሐይ በአማካይ 1.496 × 10¹¹ ሜትር ርቃ በ3.156 × 10⁷ ሰከንድ አንድ ዙር ትጨርሳለች። ከኒውተን የስበት ሕግ ተነሥተው የፀሐይን መጠነ ቁስ ያስሉ። መልሱ ወደ 2 × 10³⁰ ኪሎ ግራም መምጣት አለበት።

ሁለት፦ ፀሐይ በየሰከንዱ የምትረጨው ጉልበት 3.828 × 10²⁶ ዋት፣ ሬዲየሷ 6.957 × 10⁸ ሜትር ነው። በስቴፋን–ቦልትዝማን ሕግ የገጿን ሙቀት ያግኙ። ትክክለኛው መልስ 5770 ኬልቪን አካባቢ ነው።

ሦስት፦ የአንድ ነገር ብዛት የሚቀንስበት ፍጥነት ከቀሪው ብዛት ጋር የሚመጣጠን ከሆነ፣ ብዛቱ ከጊዜ ጋር እንዴት እንደሚለወጥ እኩልታውን ጽፈው ይፍቱ።

አራት፦ አንድ ኮከብ ከሌላው 100 ጊዜ ቢደበዝዝ በማግኒቲውድ (በከዋክብት የድምቀት መለኪያ) ልዩነታቸው ስንት ነው? መልሱ 5 ነው፤ ትልቁን ቁጥር የሚይዘውም የደበዘዘው ኮከብ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ በተለይ ጥሩ መመርመሪያ ነው፤ ስሕተቱ የት እንደሆነ ራሱ ይናገራልና። 8160 ኬልቪን ከመጣልዎት የሉሉን ገጽ ስፋት ረስተው የክቡን ስፋት ተጠቅመዋል፤ አራት እጥፍ ጎድሎ ነው። 4080 ከመጣ ደግሞ በሬዲየስ ቦታ ዲያሜትሩን አስገብተዋል። ሙቀቱ አራተኛ ሥር ስለሚወጣለት አራት እጥፍ ስሕተት መልሱን የሚያዛባው በ1.41 እጥፍ ብቻ ነው፤ መልሱ «ሊሆን የሚችል» መስሎ ስለሚታይ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል።

አራቱንም ከሠሩ ወደ ደረጃ 2 ይሂዱ። አንደኛውና ሁለተኛው ካቃቱዎት የሚጎድለው የአንደኛ ዓመት ፊዚክስ ነው፤ ሦስተኛው ካቃተ ካልኩለስ ነው። ለሁለቱም ኦፕንስታክስ በነጻ የሚያወጣቸው ባለ ሦስት ቅጽ የዩኒቨርሲቲ ፊዚክስና ባለ ሦስት ቅጽ የካልኩለስ መጻሕፍት በቂ ናቸው፤ ጥያቄያቸው ብዙ ነው፣ ለራስ ተማሪ ደግሞ ትልቁ ነገር ይኸው ነው። ካልቴክ በድረ ገጽ በነጻ ያስቀመጣቸው የፋይንማን ሌክቸሮች ነገሩ ለምን እንደዚያ እንደሆነ በማስረዳት ተወዳዳሪ የላቸውም፤ ነገር ግን ብቻቸውን አይበቁም። አንድን ምዕራፍ ከፋይንማን አንብቦ የዚያኑ ርእስ ጥያቄዎች ከሌላው መጽሐፍ መሥራት ያዋጣል።

ስለ ሒሳቡ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ለመጀመሪያው ዓመት ካልኩለስና ቀላል ዲፈረንሻል እኩልታ ይበቃል። ሊኒየር አልጀብራ የሚመጣው መረጃን ከሞዴል ጋር ማዛመድ ሲጀመር ነው። ቴንሰር የሚባለው ሒሳብ የሚያስፈልገው ለጄኔራል ሬላቲቪቲ፣ ማለትም ለአይንስታይን የስበት ንድፈ ሐሳብ፣ ብቻ ነው። «ኮስሞሎጂ ማለት ሬላቲቪቲ ነው» ብሎ በመጀመሪያው ወር ቴንሰር የሚከፍት ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ወር መጽሐፉን ይዘጋዋል።

ሁልጊዜ የሚረሳው ስታቲስቲክስ ነው። ቢያንስ ይህን ይያዙ፦ ፎቶን ሲቆጠር ስሕተቱ የቆጠራው ስኩዌር ሩት ነው። 100 ፎቶን ከተቆጠረ ስሕተቱ 10 በመቶ፣ 10,000 ከተቆጠረ 1 በመቶ ነው። የካሜራውን የራሱን ጫጫታ ወደ ጎን ካደረግነው፣ ትልቅ ቴሌስኮፕና ረጅም የብርሃን መሰብሰቢያ ጊዜ የሚፈለጉበት ምክንያት ከዚህ ይጀምራል።

ደረጃ 2፦ አንድ ዋና መጽሐፍ

መጀመሪያ ቋንቋውን ለመልመድ የኦፕንስታክስን «አስትሮኖሚ» በፍጥነት ያንብቡ። 30 ምዕራፍ አለው፣ ሒሳቡ ቀላል ነው፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይበቃዋል። እዚያ ውስጥ ረጅም ጊዜ መቆየት አያስፈልግም፤ ዓላማው ስፔክትረም፣ ማግኒቲውድ፣ ዋና ተርታ፣ ሱፐርኖቫ የሚሉት ቃላት እንግዳ እንዳይሆኑብዎት ነው።

ከዚያ በኋላ ዋናው ሥራ የካሮልና የኦስትሊ የዘመናዊ አስትሮፊዚክስ መግቢያ ነው። ከ1300 ገጽ በላይ ነው፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ለማንበብ መሞከር ስሕተት ነው። ስለ ብርሃን ተከታታይ ስፔክትረም የሚናገረውን 3ኛውን፣ ስለ ብርሃንና ቁስ ግንኙነት የሚናገረውን 5ኛውን፣ ስለ ከዋክብት ስፔክትረም አመዳደብ የሚናገረውን 8ኛውን፣ ከዚያ 9ኛውንና 10ኛውን በቅደም ተከተል ይያዙ። እነዚህ አምስት ምዕራፎች የመጽሐፉ አከርካሪ ናቸው። ስለ ፕላኔቶች የተጻፈው ክፍል ቢቆይ የሚጎዳ ነገር የለም። ከእያንዳንዱ ምዕራፍ ቢያንስ አምስት ጥያቄ ሠርተው፣ በሠሩበት ወረቀት ላይ የተጠቀሙበትን ግምት በቃላት ይጻፉ፦ «ጋዙን አይዲያል ብዬ ወሰድኩ»፣ «ኮከቡ አይሽከረከርም ብያለሁ»። አስትሮፊዚክስ በግምት ላይ የቆመ ትምህርት ነው፤ ግምቱን ያልጻፈ ሰው መልሱ መቼ እንደሚፈርስ አያውቅም።

እዚህ ላይ የአሃድ ወጥመድ ይመጣል። የዚህ መጽሐፍ የመጀመሪያው እትም በሴንቲ ሜትር፣ ግራምና ሰከንድ የተጻፈ ሲሆን ሁለተኛው እትም በሜትር፣ ኪሎ ግራምና ሰከንድ ነው። የምርምር ጽሑፎች እስከ ዛሬም በሴንቲ ሜትሩ ሥርዓት መጻፍ ይወዳሉ። የስበት ቋሚው በአንደኛው 6.674 × 10⁻⁸፣ በሌላው 6.674 × 10⁻¹¹ ነው፤ ሁለቱን ማደባለቅ ሺህ እጥፍ ያሳስታል። ኤርግ የጁል 10⁻⁷፣ ጋውስ የቴስላ 10⁻⁴፣ አንግስትሮም የሜትር 10⁻¹⁰ ነው። በኤሌክትሮማግኔቲዝም ደግሞ ነገሩ ከቁጥር ያልፋል፤ ቀመሮቹ ራሳቸው ቅርጻቸው ይለወጣል፣ አራት ፓይ የሚባለው ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ቀመር ከአንድ መጽሐፍ፣ ቋሚ ቁጥር ከሌላ መጽሐፍ ፈጽሞ አይውሰዱ።

አንድ ወረቀት ላይ እነዚህን ጽፈው ከጠረጴዛዎ በላይ ይለጥፉ፦ አንድ ፓርሴክ 3.086 × 10¹⁶ ሜትር ወይም 3.26 የብርሃን ዓመት፤ የፀሐይ መጠነ ቁስ 1.989 × 10³⁰ ኪሎ ግራም፤ አንድ ዓመት 3.156 × 10⁷ ሰከንድ፤ የብርሃን ፍጥነት በሰከንድ 299,792 ኪሎ ሜትር። በሁለት ወር ውስጥ ሳያዩት ያውቁታል።

ደረጃ 3፦ ኮስሞሎጂ ያለ ቴንሰር

ለመጀመሪያ ጊዜ ኮስሞሎጂን በሒሳብ ለሚማር ሰው የባርባራ ራይደን የኮስሞሎጂ መግቢያ ትክክለኛው መጽሐፍ ነው። የፍሪድማንን እኩልታ፣ ማለትም የዩኒቨርስን መለጠጥ የሚገዛውን እኩልታ፣ ከኒውተን ስበት ተነሥታ ታሳያለች፤ የሬላቲቪቲውን እርማት በኋላ ታክልበታለች። ይህን ማውጣት አንድ ምሽት ወስደው ራስዎ ይሥሩት፦ አንድ ወጥ የሆነ የጋዝ ሉል ያስቡ፣ በጠርዙ ላይ ያለ አንድ ቅንጣት ያለውን የእንቅስቃሴና የስበት ጉልበት ይጻፉ፣ ሬዲየሱን በሚለጠጥ መለኪያ ይተኩ። በአንድ ገጽ ያልቃል።

እኩልታው በእጅ ከገባ በኋላ ሁለት ቁጥር ያውጡበት። የመጀመሪያው የዩኒቨርስ የዕድሜ ልክ ነው። የሃብል ቋሚን (ዩኒቨርስ ዛሬ የሚለጠጥበትን ፍጥነት) በሜጋ ፓርሴክ በሰከንድ 70 ኪሎ ሜትር ብለው ይውሰዱ፤ ሜጋ ፓርሴክን ወደ ኪሎ ሜትር ቀይረው ሲያካፍሉ 2.27 × 10⁻¹⁸ በሰከንድ ይመጣል። የዚህ ግልባጭ 4.4 × 10¹⁷ ሰከንድ፣ ማለትም 14 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ዛሬ ከሚታወቀው 13.8 ቢሊዮን ዓመት ጋር መቀራረቡን ያስተውሉ፤ ሙሉ በሙሉ እኩል ያልሆነው የመለጠጡ ፍጥነት በጊዜ ውስጥ አንድ ዓይነት ስላልነበረ ነው። ሁለተኛው ወሳኙ እፍግታ ነው፤ የሃብል ቋሚ ስኩዌር ሲባዛ በ3፣ ሲካፈል ለ8 ፓይ የስበት ቋሚ። 9.2 × 10⁻²⁷ ኪሎ ግራም በሜትር ኪዩብ ይሆናል፤ በአንድ ሜትር ኪዩብ ውስጥ አምስት ተኩል የሃይድሮጅን አቶም ያህል ማለት ነው።

ተማሪው ሁሉ የሚደናቀፍበት ርቀት የሚለው ቃል ነው። በሚለጠጥ ዩኒቨርስ ውስጥ ርቀት አንድ አይደለም፤ ከብርሃን ድብዘዛ የሚለካው አንድ ቁጥር፣ ከሚታየው ስፋት የሚለካው ሌላ ቁጥር ነው። የመጀመሪያው ከሁለተኛው የሚበልጠው አንድ ሲደመር ሬድሺፍት (የብርሃኑ ሞገድ በዩኒቨርስ መለጠጥ የረዘመበት መጠን) ተብሎ በስኩዌሩ ነው፤ ሬድሺፍት 1 ላይ አራት እጥፍ ይለያያሉ። ዴቪድ ሆግ በ1999 ስለ ኮስሞሎጂ ርቀቶች ያዘጋጃት አጭር ጽሑፍ የምርምር ጽሑፎች በነጻ በሚለቀቁበት በአርካይቭ ድረ ገጽ ላይ ትገኛለች፤ አትማችሁ ከመጽሐፉ ጋር አያይዙት የሚባል ጽሑፍ ካለ እሷ ናት። ሥሌትን ለማመሳከር ደግሞ ኔድ ራይት በዩሲኤልኤ ገጽ ላይ ያስቀመጠው የኮስሞሎጂ ካልኩሌተር አለ፤ ራስዎ ካሰሉ በኋላ ብቻ ይክፈቱት።

ስሕተቱ ምን ያህል እንደሚሆን በአንድ ምሳሌ ይታይ። ሬድሺፍቱ 0.1 የሆነ ጋላክሲ ይውሰዱ። ሬድሺፍትን በብርሃን ፍጥነት አባዝቶ ለሃብል ቋሚ ማካፈል 428 ሜጋ ፓርሴክ ይሰጣል። ከወሳኙ እፍግታ ቁስ 0.3፣ ዳርክ ኢነርጂ (መለጠጡን የሚያፋጥነው ምንነቱ ያልታወቀ ጉልበት) 0.7 በሆነ ጠፍጣፋ ዩኒቨርስ በትክክል ሲሰላ ግን የድብዘዛ ርቀቱ 460 ገደማ ነው። ሰባት በመቶ ነው፤ ሬድሺፍቱ ባደገ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል። ቀላሉ ቀመር የሚያገለግለው ከ0.1 በታች ብቻ ነው የሚባለው ለዚህ ነው፤ እዚያም ቢሆን በጥንቃቄ።

ቪዲዮ ለሚፈልግ፣ አለን ጉዝ በ2013 በኤምአይቲ ያስተማረው «ዘ ኧርሊ ዩኒቨርስ» የተባለው ኮርስ ሌክቸሮቹ ከነጥያቄዎቹ በኤምአይቲ ኦፕን ኮርስዌር ላይ አሉ። የዋጋ ግሽበትን እንጂ የዩኒቨርስን ግሽበት ላልሰማ ሰው፣ ኢንፍሌሽን (ዩኒቨርስ ገና በመጀመሪያው ቅጽበት እጅግ በፍጥነት ተለጠጠ) የሚለውን ሐሳብ ያመጣው ሰው ራሱ ሲያስተምረው መስማት ትልቅ ዕድል ነው። የካምብሪጁ ዴቪድ ቶንግ በገጹ ያስቀመጠው የኮስሞሎጂ ማስታወሻም ጥርት ያለ ነው፤ ከራይደን በኋላ ያንብቡት።

ጄኔራል ሬላቲቪቲ ሲደርስ የጄምስ ሃርትልን መጽሐፍ ያስቀድሙ፤ ፊዚክሱን አስቀድሞ ሒሳቡን ያስከትላል። ከዚያ ሾን ካሮል በ1997 በአርካይቭ ላይ በነጻ ወደለቀቀው የሌክቸር ማስታወሻ ይሻገሩ። በነገራችን ላይ ይህ ካሮልና ከላይ ከኦስትሊ ጋር የተጠቀሰው ካሮል ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ መጽሐፍ ሲፈልጉ እንዳይምታታብዎት።

ደረጃ 4፦ ፓይተን፣ ለሁለት ሳምንት ብቻ

ፕሮግራሚንግን ለብቻው ትምህርት አድርገው ስድስት ወር አይስጡት። ኮምፒውተርዎ ደካማ ከሆነ ጉግል ኮላብ በብራውዘር ውስጥ ፓይተንን ያለ ምንም ጭነት ያሠራል። ነምፓይ ለቁጥር፣ ማትፕሎትሊብ ለግራፍ፣ ሳይፓይ ለኢንቴግራልና ለማዛመድ፣ አስትሮፓይ ለሥነ ፈለክ የተለየው ሥራ። በሁለት ሳምንት ፋይል መክፈት፣ ዓምድ መምረጥ፣ ግራፍ ማውጣትና አንድ ኢንቴግራል ማስላት ከቻሉ ይበቃል፤ ቀሪውን ሥራው ያስተምራል።

የአስትሮፓይ ትልቁ ስጦታ የአሃድ ክፍሉ ነው። ቁጥሩን ከነአሃዱ ካስገቡለት ፓርሴክን ከሰከንድ ጋር ልደምር ሲሉ ስሕተት ብሎ ያቆምዎታል። ከላይ የተነገረውን የደረጃ 3 ሥሌት በሙሉ በዚህ ደግመው ይሥሩና ከወረቀትዎ ጋር ያስተያዩ።

ደረጃ 5፦ እውነተኛ መረጃ

ትምህርቱ ከመጽሐፍ ወጥቶ በእጅ የሚገባው እዚህ ነው። የመጀመሪያ ሥራ አድርገው ፕሌያዲስን ይውሰዱ፤ መጽሐፍ ቅዱስ «ሰባቱ ከዋክብት» የሚላቸው ናቸው። ጋያ የተባለችው የአውሮፓ ሳተላይት በታኅሣሥ ወር 2013 መጥቃ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ከዋክብትን ለክታለች፤ ሦስተኛው ሙሉ የመረጃ ልቀቷ በሰኔ 2022 ወጥቷል፤ ማንም ሰው ከጋያ አርካይቭ ገጽ ማውረድ ይችላል።

በፍለጋው ቅጽ ላይ ሦስተኛውን ልቀት ይምረጡ። ቦታውን በክብ ይስጡ፦ ራይት አሴንሽን (የሰማይ ኬንትሮስ) 56.75 ዲግሪ፣ ዴክሊኔሽን (የሰማይ ኬክሮስ) +24.12 ዲግሪ፣ ሬዲየስ 2 ዲግሪ። የሚፈልጓቸው ዓምዶች ፓራላክስ (ምድር ፀሐይን ስትዞር ኮከቡ በሰማይ ላይ የሚወዛወዝ የሚመስልበት ማዕዘን) እና ስሕተቱ፣ ሁለቱ የሰማይ ላይ እንቅስቃሴዎች፣ የጂ ማግኒቲውድ፣ የሰማያዊና የቀይ ቀለም ልዩነት፣ እንዲሁም የመለኪያውን ጥራት የሚናገረው ሩዊ የሚባለው ቁጥር ናቸው። ፋይሉ ሲወርድ መስመሮቹን ይቁጠሩ። በትክክል ድፍን ቁጥር ላይ፣ ለምሳሌ 2000 ላይ፣ ቆሞ ከሆነ ሰማዩ አልቆ ሳይሆን የውጤት ገደብ ተጥሎበት ነው፤ ገደቡን ከፍ አድርገው እንደገና ይጠይቁ።

አሁን ያጣሩ። ፓራላክሱ ከ6.9 እስከ 7.8 ሚሊ አርክ ሰከንድ የሆነ፤ ፓራላክሱ ከስሕተቱ ቢያንስ 10 እጥፍ የሚበልጥ፤ በራይት አሴንሽን በኩል በዓመት ከ17 እስከ 23፣ በዴክሊኔሽን በኩል ከ −48.5 እስከ −42.5 ሚሊ አርክ ሰከንድ የሚጓዝ፤ ሩዊው ከ1.4 በታች የሆነ። ወሳኞቹ የእንቅስቃሴ ማጣሪያዎቹ ናቸው። ከዋክብቱ አብረው ስለተወለዱ አብረው ይጓዛሉ፤ ከፊታቸውና ከኋላቸው ያሉት እንግዶች ግን በየአቅጣጫው ይሄዳሉ። ይህን ማጣሪያ ረስተው ግራፍ ካወጡ የሚያዩት ደመና ነው።

ርቀቱ፦ 1000 ሲካፈል ለፓራላክሱ። የቡድኑ አማካይ 7.36 አካባቢ ስለሚሆን 136 ፓርሴክ፣ ወይም 443 የብርሃን ዓመት ገደማ ይወጣል። ፍጹም ማግኒቲውድ (ኮከቡ 10 ፓርሴክ ርቀት ላይ ቢሆን የሚኖረው)፦ የጂ ማግኒቲውድ ሲደመር 5 ጊዜ የፓራላክሱ ሎጋሪዝም ሲቀነስ 10፤ ለዚህ ቡድን ከሚታየው ማግኒቲውድ 5.67 መቀነስ ማለት ነው። የቀለም ልዩነቱን በአግድም፣ ፍጹም ማግኒቲውዱን በቁመት አድርገው ግራፍ ያውጡ፤ የቁመቱን መሥመር መገልበጥ አይርሱ፣ ትንሽ ቁጥር ወደ ላይ።

የሚወጣው ቀጭን ተዳፋት መሥመር ነው፤ ከላይ በስተግራ ትኩሶቹና ደማቆቹ፣ ከታች በስተቀኝ ቀዮቹና ደብዛዞቹ። ቀረብ ብለው ይዩት። ከዋናው መሥመር በላይ ትንሽ ከፍ ብሎ ሌላ ሳሳ ያለ መሥመር አብሮት ይወርዳል፤ ክፍተቱ ቢበዛ 0.75 ማግኒቲውድ ነው። እነዚህ ጥንድ ከዋክብት ናቸው። ሁለት እኩል ከዋክብት እንደ አንድ ነጥብ ሲታዩ ብርሃናቸው እጥፍ ይሆናል፣ ቀለማቸው ግን አይለወጥም፤ የ2 ሎጋሪዝም በ2.5 ሲባዛ 0.75 ነው። ይህን ከወረደ ፋይል ላይ በራሱ እጅ ያየ ሰው ስለ ጥንድ ከዋክብት የተጻፈውን ምዕራፍ ሌላ ዓይን ይዞ ያነበዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ 1000 ለፓራላክስ ማካፈል የሚሠራው ስሕተቱ ትንሽ ሲሆን ብቻ ነው። ስሕተቱ ከፓራላክሱ 20 በመቶ ሲያልፍ ርቀቱ በአንድ ወገን መዛባት ይጀምራል። በጋያ መረጃ ውስጥ ኔጌቲቭ ፓራላክስም አለ፤ የሩቅ ኮከብ ፓራላክስ ከዜሮ አጠገብ ስለሆነ የመለኪያው ጫጫታ ወደ ታች ይገፋዋል። ኔጌቲቮቹን ብቻ መርጦ መጣል ቀሪውን ያዛባል፤ ለእንደዚህ ያሉ ከዋክብት ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ሥራ ሱፐርኖቫ ነው። ዩኒየን 2.1 የተባለው ስብስብ 580 የዓይነት አንድ ኤ ሱፐርኖቫዎችን (ድምቀታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ለርቀት መለኪያ የሚያገለግሉ ፍንዳታዎችን) ይዟል፤ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፣ በየመሥመሩ ስም፣ ሬድሺፍት፣ የርቀት ሞዱለስ (የሚታየው ማግኒቲውድ ከፍጹሙ ያለው ልዩነት) እና ስሕተቱ አለ። በአግድም ሬድሺፍት፣ በቁመት ሞዱለስ አድርገው ነጥቦቹን ያስቀምጡ። በላያቸው ሁለት መሥመር ይሣሉ፦ አንዱ ዳርክ ኢነርጂ የሌለበት ቁስ ብቻ የሆነ ጠፍጣፋ ዩኒቨርስ፣ ሌላው 0.3 እና 0.7። ሬድሺፍት 0.5 ላይ ሁለቱ መሥመሮች በ0.4 ማግኒቲውድ ይለያያሉ፤ ነጥቦቹ የትኛውን እንደሚከተሉ በዓይን ይታያል። በ1998 የዩኒቨርስ መለጠጥ እየፈጠነ መሆኑ የታወጀው በዚህ ዓይነት ግራፍ ነው፤ ፐርልሙተር፣ ሽሚትና ሪስ በ2011 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ወጥመዱ፦ ከዚህ ፋይል ብቻ የሃብል ቋሚን ለማውጣት አይሞክሩ። የሱፐርኖቫው እውነተኛ ድምቀትና የሃብል ቋሚ መሥመሩን ሁለቱም ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ስለሚገፉት አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም፤ በሌላ መንገድ የተለካ ቅርብ ርቀት ያስፈልጋል።

ለስፔክትረም የስሎን ዲጂታል የሰማይ ዳሰሳን ይጠቀሙ። የአንድ ጋላክሲ ስፔክትረም አውርደው የሃይድሮጅን አልፋ መሥመሩን ፈልገው ሬድሺፍቱን ያስሉ። እዚህ ሁለት ነገር ያሳስታል። ፋይሉ የሞገድ ርዝመቱን በሎጋሪዝም ነው የሚያስቀምጠው፤ 10ን በዚያ ኃይል ከፍ ማድረግ አለብዎት። ደግሞም ስሎን የሚጽፈው በቫኪዩም የሚለካውን የሞገድ ርዝመት ነው፦ 6564.6 አንግስትሮም። ብዙ መጻሕፍት የአየሩን 6562.8 ይጽፋሉ። ያንን ከተጠቀሙ ፍጥነቱ በሰከንድ በ83 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሳሳታል፤ ለሩቅ ጋላክሲ ትንሽ ነው፣ ለቅርቡ ግን መልሱን ያበላሻል።

ወደ ስበት ሞገድ የሚያዘነብል ሰው በመስከረም 14 ቀን 2015 የተመዘገበውን የመጀመሪያውን ሞገድ ከግራቪቴሽናል ዌቭ ኦፕን ሳይንስ ሴንተር ያውርድ። በሰከንድ 4096 ናሙና ያለው ፋይል ይበቃል። በቀጥታ ግራፍ ካወጡት የሚታየው ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው ጫጫታ ብቻ ነው፤ ከ35 እስከ 350 ኸርዝ ያለውን ብቻ አሳልፈው የመሣሪያውን የታወቁ የጫጫታ መሥመሮች ካወጡ በኋላ ሞገዱን የፈጠሩት የተዋሐዱ ሁለት ብላክ ሆሎች ጩኸት ብቅ ይላል።

ደረጃ 6፦ የምርምር ጽሑፍ ማንበብ

አርካይቭ ላይ አስትሮ-ፒኤች የሚባለው ክፍል በስድስት ቅርንጫፍ ተከፍሏል፤ ኮስሞሎጂ፣ ጋላክሲ፣ ከዋክብትና ፀሐይ፣ ፕላኔት፣ ከፍተኛ ጉልበት ያላቸው ክስተቶች፣ መሣሪያና ዘዴ። በየቀኑ የሚለቀቀውን ሁሉ መከታተል አያስፈልግም፤ አንድ ቅርንጫፍ መርጠው በሳምንት አንድ ጽሑፍ ብቻ ያንብቡ። አርካይቭ ላይ መውጣት ማለት በገምጋሚ ታይቶ ጸድቋል ማለት አይደለም፤ ከርእሱ በታች ያለውን አስተያየት ይዩ፣ በመጽሔት ተቀባይነት ማግኘቱ ብዙ ጊዜ እዚያ ይጻፋል።

በአንድ ርእስ ላይ አዲስ ከሆኑ በዚያ ርእስ ላይ የተጻፈ የዳሰሳ ጽሑፍ ይፈልጉ፤ የአስትሮኖሚና አስትሮፊዚክስ ዓመታዊ ዳሰሳ የሚባለው መጽሔት ሥራው ይኸው ነው። በናሳ ድጋፍ የሚሠራው የአስትሮፊዚክስ ዳታ ሲስተም ደግሞ አንድ ጽሑፍ ማንን እንደጠቀሰ፣ ከዚያ ወዲህ እነማን እንደጠቀሱት በአንድ ጠቅታ ያሳያል። አንድ ጥርጣሬ የሚያጭር ውጤት ሲያጋጥምዎት በኋላ የጠቀሱትን መጀመሪያ ይክፈቱ፤ ስሕተት ተገኝቶበት ከሆነ እዚያ ይታያል።

ሲያነቡ ከአጭር መግለጫው ወደ ሥዕሎቹ ይሂዱ፤ እያንዳንዱ ሥዕል በአግድምና በቁመት ምን እንደያዘ፣ መሥመሩ መለኪያ ይሁን ሞዴል ሳይለዩ አይለፉ። ቀጥሎ መደምደሚያው፣ ከዚያ መግቢያው፣ በመጨረሻ ዘዴው።

ለመለማመጃ የሚሆን ጥሩ ርእስ የሃብል ቋሚ ውዝግብ ነው። የፕላንክ ሳተላይት ቡድን ከጥንቱ ብርሃን (ከቢግ ባንግ ከተረፈው ማይክሮዌቭ ጨረር) ተነሥቶ 67.4 ሲደመር ሲቀነስ 0.5 ይላል፤ በሴፊድ ከዋክብት (ከድምቀታቸው መለዋወጫ ጊዜ እውነተኛ ድምቀታቸው በሚታወቀው) እና በሱፐርኖቫ የሚለካው ቡድን በ2022 ያወጣው 73.0 ሲደመር ሲቀነስ 1.0 ነው። ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ይክፈቱና የእያንዳንዱን ስሕተት ምንጭ በሁለት ዓምድ ይዘርዝሩ፤ የትኛው በቀጥታ ተለካ፣ የትኛው በሞዴል ላይ ተመሥርቶ ወጣ። ከዚያ ሃብል በ1929 ወዳሳተመው ወደ 24ቱ ጋላክሲዎች ሠንጠረዥ ይመለሱ፤ ርቀቱን በአግድም፣ ፍጥነቱን በቁመት አድርገው ቀጥ ያለ መሥመር ያስገቡበት። የሚወጣው ወደ 500 የሚጠጋ ቁጥር ነው። መሥመሩ ትክክል ሆኖ ቁጥሩ ሰባት እጥፍ የበዛው የርቀት መሰላሉ የመጀመሪያ እርከኖች ስለተሳሳቱ ነው፤ በ1952 ዋልተር ባዴ ሴፊዶች ሁለት ዓይነት መሆናቸውን ሲያሳይ ርቀቶቹ በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆኑ። የዛሬዎቹን ሁለት ቁጥሮች ሲመረምሩም መጀመሪያ የሚፈትሹት ያንኑ መሰላል ነው፦ ከፓራላክስ ወደ ሴፊድ፣ ከሴፊድ ወደ ሱፐርኖቫ፣ በየእርከኑ ስንት ኮከብ እንዳለና ስሕተቱ ስንት እንደሆነ።